ቁልፉ ሳይከዳዎ

ለመሆኑ የቤትዎን በር ቁልፍ ልብ ብለው ከተመለከቱት ስንት ጊዜ ሆነው? ጠዋት ቆልፈው ይወጣሉ፤ ማታ ዘምቢልዎን በአንድ እጅ፣ ልጅዎን በሌላው ይዘው ሲመለሱ ከፍተው ይገባሉ። ቁልፉ እስከ ሠራ ድረስ የሚያስታውሰው የለም። እምቢ ያለ ዕለት ግን ከቤት ዕቃ ሁሉ የሚበልጥ ሆኖ ይገኛል።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ነው። በተከራየሁት ቤት የበሩ ቁልፍ ለብዙ ወራት ሲያስቸግረኝ ቆይቷል። አንዳንዴ ሦስት አራት ጊዜ ካልነቀነቁት አይዞርም። እኔም «ዛሬ ነገ አሠራዋለሁ» እያልሁ አልፌው ነበር። አንድ ቀን ማታ ሽሮ ጥጄ፣ የአራት ዓመት ልጄን ከቤት ትቼ፣ ልብስ ከገመድ ላይ ላነሣ ወደ ግቢ ብቅ አልሁ። ነፋስ በሩን ገፍቶ ዘጋው። የውጭው እጀታ ያለ ቁልፍ የማይከፍት ዓይነት ነው። ቁልፉ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ስለ ነበር አልደነገጥሁም፤ ነገር ግን ከትቼ በኃይል ባዞርሁት ጊዜ ግማሹ እጄ ላይ፣ ግማሹ በሩ ውስጥ ቀረ።

የውስጡ እጀታ ለዐዋቂ እንኳ የሚከብድ ስለ ነበር ልጁ ሊከፍተው አልቻለም። መስኮቱም የብረት ፍርግርግ ያለው ነው። ጩኸቴን የሰሙት አከራዬ ወጥተው «አይዞሽ ልጄ፣ አንቺ ልጁን አነጋግሪ» አሉኝና እርሳቸው ወደ ቆጣሪው ሮጠው መብራቱን አጠፉት። በዚህ ብልኀታቸው ምድጃው ጠፋ። እኔ በመስኮት ልጄን ሳባብል፣ አንድ በያጅ ጎረቤታችን መጥቶ በሩን ፈልቅቆ ከፈተልን። ሽሮው ከሰል ሆኗል፤ ልጁ ግን ደኅና ነበር። «እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ከማለት ሌላ ቃል አልነበረኝም። ዘመዶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለካ ለእንደኔ ያለችው ኖሯል!

ቁልፍ ሳይናገር አይሰበርም

ቁልፍ በአንድ ቀን አይበላሽም። አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል። ሲከቱት የሚያንገራግር፣ ሲያዞሩት የሚነክስ፣ ሲያወጡት የሚይዝ፣ ወይም «ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ አድርገህ አዙረው» እየተባለ ለእንግዳ መመሪያ የሚሰጥበት ከሆነ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። የቁልፉ ጥርስ ከተሞረደ ያህል ለስልሶ ከታየ፣ ወይም አንገቱ ላይ ስንጥቅ ካለ ደግሞ ለአንድ ቀንም አያሳድሩት።

ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። ዛሬ በአብዛኛው ቤት የምናየው ሲሊንደር ቁልፍ በውስጡ ትንንሽ የብረት ዘንጎች አሉት፤ ብዙውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ናቸው። እያንዳንዱን ዘንግ ስፕሪንግ ይጫነዋል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሶቹ ዘንጎቹን ሁሉ በአንድ መስመር ያስተካክሏቸዋል፤ ያን ጊዜ ሲሊንደሩ ይዞራል። ዘዴው አዲስ አይደለም። የጥንት ግብፃውያን በእንጨት ይሠሩት ነበር፤ በብረት አሳንሶ በዛሬው መልኩ ያዘጋጀው ግን በ1860ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሜሪካዊው ሊነስ ዬል ነው። እንግዲህ ጥርሱ ካለቀ ወይም ዘንጎቹ ከተበሉ መስመሩ አይገጥምም፤ እኛም በጉልበት እናዞራለን፤ ቁልፉም ይሰበራል።

ከቁልፍ ላይ የተቀረጸ ቁልፍ፣ ከእርሱም ላይ ሌላ ሲቀረጽ፣ በየጊዜው ጥቂት ስሕተት ይጨመርበታል። ስለዚህ በቤትዎ ካለው ቁልፍ የመጀመሪያውን፣ ከሲሊንደሩ ጋር የመጣውን፣ ለብቻው ያኑሩ። ሲያስፈልግ ከእርሱ ብቻ ያስቀርጹ።

ጥፋቱ የቁልፉ ነው ወይስ የበሩ?

ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ይህን ይሞክሩ። በሩን ወለል አድርገው ይክፈቱትና በተከፈተበት እንዳለ ቁልፉን ሁለት ሦስት ጊዜ ያዙሩት። በቀላሉ የሚዞር ከሆነ፣ በሩን ሲዘጉት ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ፣ ጥፋቱ የቁልፉ አይደለም። ማጠፊያው ላልቶ መዝጊያው ወርዷል፤ ወይም የእንጨት በር ከሆነ በክረምት እርጥበት አብጧል። እንዲህ ሲሆን የማጠፊያውን ብሎኖች ማጥበቅ፣ ወይም መቃኑ ላይ ምላሱ የሚገባበትን ቀዳዳ በሞረድ ጥቂት ማስፋት ይበቃል።

በሩ ተከፍቶም ሳለ የሚያስቸግር ከሆነ ግን ነገሩ ከቁልፉ ነው። በዚህ ጊዜ ብዙዎቻችን የምናደርገው አንድ ስሕተት አለ። ከወጥ ቤት የምግብ ዘይት አምጥተን እናንቆረቁርበታለን። ለጥቂት ቀን ይሻለዋል፤ ቆይቶ ግን ዘይቱ አቧራ ሰብስቦ እንደ ጭቃ ይሆናል፤ ከበፊቱም ይብሳል። የሚሻለው የእርሳስ ዱቄት ነው። የልጅዎን እርሳስ ጥቁሩን ፍቀው፣ ዱቄቱን የቁልፉ ጥርስ ላይ አድርገው ብዙ ጊዜ ያስገቡት፣ ያውጡት። ይህም ካልረዳ መለወጥ ነው።

ሲለውጡ

የበርዎ ቁልፍ ሲሊንደር ከሆነ ሙሉውን መግዛት አያስፈልግም፤ ሲሊንደሩን ብቻ መለወጥ ይቻላል። አንድ ካቻቪቴ ያላት ሴት ማንንም ሳትጠራ የምትሠራው ሥራ ነው። በሩን ይክፈቱ። በመዝጊያው ጠርዝ፣ ምላሱ ከሚወጣበት በታች፣ በሲሊንደሩ ትክክል አንድ ብሎን ያገኛሉ። እርሱን ፈትተው ያውጡት። ከዚያ ቁልፉን ከተው ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ጥቂት ያዙሩት፤ መሐል ያለው ተሽከርካሪ ጥርስ ከሲሊንደሩ አካል ጋር ሲስተካከል ሲሊንደሩ ሳብ ሲያደርጉት ይወጣል። አዲሱን በዚያው መንገድ አስገብተው ብሎኑን ይመልሱ። በሩን ከመዝጋትዎ በፊት ግን በተከፈተበት ደጋግመው ይሞክሩት። ይህን ሳያደርጉ የዘጉ ሰዎች ውጭ ቀርተው ያውቃሉና!

ወደ ገበያ ሲሄዱ አሮጌውን ሲሊንደር ይዘው ይሂዱ። በዓይን የተለካ አይገጥምም። ርዝመቱ የሚለካው ከብሎኑ ቀዳዳ መካከል ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ለየብቻው ነው፤ ለምሳሌ 30 ሚሊ ሜትር በአንድ ወገን፣ 30 በሌላው። ሁለቱ ወገኖች እኩል የማይሆኑባቸው በሮች አሉና ይጠንቀቁ። ከእጀታው ገበታ በጣም አልፎ የወጣ ሲሊንደር ለሌባ መያዣ ይሆናል፤ በመሣሪያ ይዞ ይሰብረዋል። ስለዚህ ከገበታው ጋር የተስተካከለውን ይምረጡ። የላሜራ በር ከሆነና ቁልፉ የተበየደ ከሆነ፣ ወይም በአሮጌ ቤቶች እንዳለው ጥርሱ ጫፉ ላይ ያለ ረጅም ቁልፍ ከሆነ፣ የቁልፉ ሣጥን በሙሉ ስለሚለወጥ ባለሙያ መጥራት ይሻላል። ባለሙያው ሲሠራ አጠገቡ ይቁሙ፤ ከፋብሪካው የመጡትን ቁልፎች ሁሉ ቆጥረው ይረከቡ።

የተከራይና የአከራይ ነገር

ወደ ኪራይ ቤት አዲስ ሲገቡ መጀመሪያ ይጠይቁ፤ የዚህ ቤት ቁልፍ ስንት ነው? በማን እጅ ነው? ከእርስዎ በፊት የኖሩት ተከራዮች፣ የእነርሱም ዘመዶች፣ ቅጂ ሊኖራቸው ይችላል። እንግዲህ ሲሊንደሩን መለወጥ ቅንጦት አይደለም። ነገር ግን ያለ አከራይዎ ፈቃድ አይለውጡ። በአክብሮት «ጋሼ፣ ቁልፉን በራሴ ወጪ ልለውጠው አስቤ ነበር፤ ምን ይመስልዎታል?» ቢሉ እምቢ የሚል ጥቂት ነው። አሮጌውን ሲሊንደር ከነቁልፉ በከረጢት አድርገው ያኑሩትና ቤቱን ሲለቁ መልሰው ይግጠሙት፤ የእርስዎን ይዘው ይሂዱ። አከራይዎ አንድ ቁልፍ በእጃቸው እንዲኖር ከፈለጉም፣ እርስዎ በሌሉበት ሳይነግሩ እንደማይገቡ አስቀድሞ መነጋገር ኋላ ከመቀያየም ያድናል።

ወጪው የማን ነው? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የበርና የመስኮት ጥገናን የመሳሰሉ ትንንሽ ሥራዎችን በተከራይ ላይ ይጥላል። ብልሽቱ የመጣው በእርጅና ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ከሆነ ግን ተከራዩ አይከፍልም። እንግዲህ በኃይል አዙረው የሰበሩት የእርስዎ ነው፤ ዘመን የበላው የአከራዩ ነው። ክርክር እንዳይነሣ በውሉ ላይ ማስፈር ይበጃል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ም ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ስለሚያዝ፣ «ቁልፍ፦ ሦስት፣ ሁሉም የሚሠሩ» ብሎ አንድ መስመር መጨመር አይከብድም።

ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። ቁልፍ ሲጠፋ፣ ወይም የቤት ሠራተኛ ሥራ ስትለቅ፣ ሲሊንደር መለወጥ ሰው መጠርጠር የሚመስላቸው አሉ። እኔ ግን በተቃራኒው አየዋለሁ። ለወራት እንጀራችንን ስትጋግር፣ ልጆቻችንን ስታሳድግ የቆየች ልጅ ከሄደች በኋላ አንድ ነገር ቢጠፋ የመጀመሪያው ጣት የሚቀሰረው በእርሷ ላይ ነው። ቁልፉ ተለውጦ ከሆነ ግን ስሟን የሚያነሣ አይኖርም። ስለዚህ መለወጡ እርሷንም መጠበቅ ነው።

ሌሊት ሲተኙ

በመጨረሻ ከሁሉ የሚያሳስበኝን ልንገርዎ። ሌባ ፈርተን ሌሊት በሩን ከውስጥ በጓጉንቸር የምንቆልፍ፣ ቁልፉንም ልጆች እንዳያገኙት ብለን የምንደብቅ አለን። እሳት ቢነሣ፣ ጭስ ቤቱን ቢሞላ፣ በጨለማ የተደበቀ ቁልፍ ማን ይፈልጋል? መስኮቱም በፍርግርግ የታጠረ ነው። ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት መቀርቀሪያ ማስገጠም ይሻላል። ይህ ካልተቻለ ቁልፉ ከበሩ አጠገብ፣ ከውጭ በማይደረስበት በአንድ የታወቀ ቦታ ይሰቀል፤ ቤተሰቡም ሁሉ ይወቀው።

ትርፍ ቁልፍዎን ከምንጣፍ ሥር ወይም ከአበባ ዕቃ በታች አያስቀምጡ፤ ሌባ አስቀድሞ የሚያየው ቦታ ነው። ለምታምኗት ጎረቤት ይስጧት። የእኔ ትርፍ ቁልፍ ዛሬ በአከራዬ ዘንድ ነው። አዲሱን ሲሊንደር በገዛ እጄ ገጥሜ ሳስረክባቸው እየሣቁ «ያን ጊዜ ይህ ቢኖረን ሽሮውን በላነው ነበር» አሉኝ።

እርስዎም ዛሬ ማታ ከሥራ ሲመለሱ፣ በሩን ሲከፍቱ፣ እጅዎ ላይ የሚሰማዎትን ልብ ይበሉ። ቁልፉ ቢያንገራግር ለነገ አይበሉት።