የጣፊያው ጠርዝ

ክፍል አንድ

የሕክምና ተማሪ ሆኜ ሲ ዋን (የመጀመሪያው የክሊኒክ ዓመት) በገባሁ በስድስተኛው ሳምንት የትልቅ ጣፊያ መንስኤዎችን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ እወጣቸው ነበር። ወባ፣ ካላዛር፣ ቢልሃርዚያ፣ የደም ካንሰር። ማታ ዶርም ውስጥ መብራት ሲጠፋ በስልኬ ብርሃን አነበንባቸዋለሁ። ጣፊያ ግን በእጄ ዳስሼ አላውቅም።

ታኅሣሥ ነው። የጎንደር ብርድ በዋርዱ መስኮት ሥር እየገባ ያንቀጠቅጣል። አልጋ 7 ደረሰኝ። የ22 ዓመት ወጣት፣ ከሊቦ ከምከም ገጠር፣ ክብደቱ 41 ኪሎ። እናቱ ከግርጌው ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው፣ ጭናቸው ላይ ወረቀት የሞላበት ጥቁር ፌስታል ይዘዋል።

«መቼ ጀመረህ?»

«ከመተማ ከተመለስኩ ወዲህ ነው፣ ዶክተር።»

ሐምሌ ላይ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ለሰሊጥ አረም ወርዶ ነበር። አጨዳው ሲያልቅ፣ ጥቅምት ማብቂያ ላይ፣ እሱ ተመለሰ። ወንድሙ ለማሽላው እዚያው ቀረ።

«ማታ የት ነበር የምትተኙት?»

«ማሳው ዳር፣ ከግራር ሥር። ጆንያ አንጥፈን።»

«አጎበር ነበራችሁ?»

ፈገግ አለ። ድዱ ወረቀት መስሏል።

ፌስታሉን እናቱ ሰጡኝ። ወረቀቶቹን በቀናቸው ደረደርኳቸው። የመጀመሪያው ክሊኒክ ወባ ብሎ ኮአርተም ሰጥቶታል። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው «ታይፎይድና ታይፈስ» ብሎ ሲፕሮ ሰጠው። ከዚያ ሰባት ቀን ጠበል። ከዚያ አራተኛ ክሊኒክ፣ ደግሞ ታይፎይድ። ያ የታይፎይድ የደም ምርመራ በእኛ አገር ስንቱን ሰው እንዳሳሳተ ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል። ድሮ የነበረ ኢንፌክሽን፣ ሌላ በሽታም ቢሆን፣ ያንን ውጤት ሊያስነሳው ይችላል። ለእያንዳንዱ ወረቀት ደግሞ እኚህ እናት አንድ በግ ወይም አንድ ቁና ጤፍ ሸጠዋል።

ከግራ የጎን አጥንቱ ሥር እጄን አስቀመጥኩ። «ትንፋሽህን ሳብ።» ሳበ። ጣቴን የነካው ጠርዝ የለም። ሆዱ በግራ በኩል ጠንከር ያለ መሰለኝ፤ ብርድ ስለሆነ ጡንቻውን ወጥሮት ነው ብዬ አለፍኩት። ካርዱ ላይም «ጣፊያ አይዳሰስም» ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ ራውንድ ላይ ሬዚደንቱ ካርዱን አነበበና ቀና አለ። አልተቆጣኝም። የእጄን አንጓ ያዘና መዳፌን ወጣቱ ቀኝ ብሽሽት ላይ አኖረው።

«ከዚህ ጀምሪ። ትንፋሹን ሲስብ ጠብቂ፤ ሲያወጣ ሁለት ጣት ያህል ወደ ግራ ጎኑ ከፍ በይ።»

አንድ። ሁለት። ሦስት። እምብርቱን ሳላልፍ፣ አየር ሲስብ፣ አንድ ጠንካራና ለስላሳ ጠርዝ ከውስጥ መጥቶ ጣቴን ገፋኝ። እጄን ልነጥቅ ምንም አልቀረኝም። ትናንት እጄን ያስቀመጥኩት ጣፊያው መሃል ላይ ነበር። ጠርዙን የፈለግኩት ቀድሞ ትቶት በሄደው ቦታ ነው።

በእስክሪብቶ ቆዳው ላይ መስመር አሰመርን። ከጎን አጥንቱ 14 ሴንቲ ሜትር።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ወደ አንድ ቦታ ፈሰሰ። ሁለት ወር የቆየ ትኩሳት፣ የከሳ ሰውነት፣ የመተማ ዋልካ፣ ግራር ሥር መተኛት። የደሙም ውጤት መጣ፤ ሄሞግሎቢን 6.4፣ ነጭ ሴል 1,800፣ ፕላትሌት 58,000። ሦስቱም ወርደዋል። «ካላዛር» አልኩ፣ ሳልጠየቅ። ሬዚደንቱ ራሱን ነቀነቀና አርኬ 39 እንዲሠራለት አዘዘ። ከጣት የሚወሰድ ጠብታ ደም ነው። አሥር ደቂቃ ይጠበቃል፤ ሁለት መስመር ከወጣ ካላዛር ነው።

ላብ ድረስ ራሴ ሄድኩ። ሰዓቴን እያየሁ ቆምኩ። አሥር ደቂቃ፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ።

አንድ መስመር።

በቃሌ የያዝኩት ዝርዝር ካላዛርን ዘሎ ወደ ቀጣዩ ሄደ፤ የደም ካንሰር። እናትየው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆመው እጄን እያዩ ነበር።

ክፍል ሁለት

«ምን አለ፣ የኔ ልጅ?»

መዋሸት አልቻልኩም። «ካላዛር አይደለም ይላል፣ እማማ።»

ዝም አሉ። ቆይተው፣ ቀስ ብለው፣ «ነው» አሉ። «ይህን ሆድ አውቀዋለሁ። በዘጠና ሰባት የጎረቤቴን ልጆች ሦስቱን እንዲህ አድርጎ ነው የበላብኝ። ያኔም ወባ ነው ሲሉን ከርመዋል።»

ሬዚደንቱን ጠራሁት። መጥቶ አጠገባቸው ቁጭ አለ፤ እሳቸው ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሩት። እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከም ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ ያውቅ ነበር። ወደ መተማና ሁመራ ወርደው የሚመለሱ ሠራተኞች ባሉበት ደጋ አገር በሽታው ተዛመተ፤ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው ካላዛር መሆኑ የታወቀው። ያንን ዘመን በዓይናቸው ያዩ ሰው ግን እስከዚያ ቀን አጋጥመውት አያውቁም።

«እናትየው እውነታቸውን ነው» አለኝ ሲነሳ። «ያ የምርመራ ወረቀት የሚፈልገው ካላዛርን የሚያመጣውን ጥገኛ ተሕዋስ አይደለም። ሰውነት የሠራውን አንቲቦዲ ነው። ህንድ ላይ ከመቶ ታማሚ ከ95 በላዩን ይይዛል። በምሥራቅ አፍሪካ ግን ወደ 85 ይወርዳል።»

ከመቶ አሥራ አምስቱ። ማታ ስዘረዝረው በነበረው ደብተሬ ላይ እነዚያ አሥራ አምስት ሰዎች አልነበሩም። አንዱ አልጋ 7 ላይ ተኝቷል።

እርግጠኛ ለመሆን ጥገኛውን ራሱን ማየት ያስፈልጋል፤ ጥገኛው ደግሞ በብዛት የሚገኘው ጣፊያ ውስጥ ነው። ጣፊያ በደም የተሞላ ስፖንጅ ነው። መርፌ ገብቶበት ከደማ ሰው በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ፕላትሌቱ ከ40,000 በታች ቢሆን ኖሮ አይሞከርም ነበር። የደም መርጋቱን ለካን፤ ይበቃል። ኤችአይቪም ተመረመረ፤ ነፃ ነው።

ሬዚደንቱ ቀጭን መርፌ ያዘ። ወጣቱ ትንፋሹን እንዲይዝ፣ እንዳይስልም ተነገረው። እኔ እጁን ያዝኩ። መርፌው ገባ፤ ወጣ። አንድ ሰከንድ አልሞላም። ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ልቡን እየቆጠርኩ፣ የደም ግፊቱን እየለካሁ አደርኩ። እናቱም አልተኙም።

ጠዋት ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አልኩ። ሐምራዊ ቀለም ውስጥ፣ ወራሪን ውጠው እንዲያጠፉ የተፈጠሩት ትላልቅ ነጭ ሴሎች ተነፍተው ተቀምጠዋል፤ በውስጣቸው ትናንሽ ሞላላ ነገሮች ሞልተዋል። እያንዳንዱ ሁለት ነጥብ አለው፤ አንዱ ክብ፣ አንዱ እንደ ሰረዝ። እ.ኤ.አ. በ1903 ሊሽማን እና ዶኖቫን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በየፊናቸው ይህንኑ አይተው ለዓለም አሳወቁ። ሊሽማን ያየው ካልካታ አጠገብ ዱምዱም በተባለ ሰፈር ያገለገለ፣ በኋላም የሞተ ወታደር ጣፊያ ላይ ነበር። ጥገኛው የሁለቱንም ስም ይዞ ቀርቷል። እኔም ጣቴ ላይ የገፋኝን ነገር ፊቱን አየሁት።

«4+» አለ የላብ ባለሙያው።

ሳይታከም የቀረ ካላዛር ከመቶ ታማሚ ከ95 በላዩን ይገድላል። ሕክምናው 17 ቀን ነው፤ በየቀኑ ሁለት መርፌ። አንዱ ፓሮሞማይሲን፣ ሌላው ኤስኤስጂ። ኤስኤስጂ አንቲሞኒ ከሚባል ንጥረ ነገር የተሠራ ነው፤ 20 ሚሊ ግራም በኪሎ። በ41 አባዛሁት፤ 820 ሚሊ ግራም፣ 8.2 ሲሲ። የከሳ መቀመጫው ላይ የሚወጋበት ሥጋ ፈልጎ ማግኘት ራሱ ሥራ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው። በስድስተኛው አጥሚት ጠጣ። እናቱ እጄን ሳሙኝ፤ አፈርኩ።

በስምንተኛው ቀን ማለዳ ስደርስ ወጣቱ አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ ጉልበቱን አቅፎ ወደ ፊት ታጥፏል። ሌሊት አራት ጊዜ አስመልሶታል። «ጨጓራው ነው» አሉ እናቱ፤ ተረኛዋም እንደዚያው ጽፋለች። ግን ቀና በል ስለው ህመሙ ወደ ጀርባው ዘለቀ፤ ሲታጠፍ ቀለል አለው። ይህን ምልክት አውቀዋለሁ። የት ነበር ያነበብኩት? በበሽታዎቹ ምዕራፍ አልነበረም። በመድኃኒቱ ገጽ ላይ ነበር።

ቀና ስል ሲስተር ከትሪው ላይ 8.2 ሲሲውን አንስታ፣ አየሩን አስወጥታ፣ ወደ አልጋ 7 እየመጣች ነበር።

ክፍል ሦስት

«ሲስተር፣ ቆይ!»

ድምፄ ዋርዱን ሞላው። ሲስተር ቆመች። ተማሪ ነኝ፤ የሐኪም ትእዛዝ የማስቆም ሥልጣን የለኝም። «ቆሽቱ ይመስለኛል» አልኩ። «እባክሽ፣ ሬዚደንቱ እስኪመጣ።» ሃያ ዓመት መርፌ የወጋች ሴት ናት። ፊቴን አየች፣ ከዚያ የታጠፈውን ልጅ አየች፣ መርፌውን ትሪው ላይ መልሳ አኖረችው። ያቺን ውለታ አልረሳትም።

ቆሽት ምግብ የሚፈጭ ኢንዛይም ያመነጫል። አንቲሞኒ ሲያቆስለው ኢንዛይሙ የራሱን ቤት ይፈጫል። የአንዱ ኢንዛይም፣ የሊፔዝ፣ ውጤት እኩለ ቀን ላይ መጣ፤ ከልኩ ስምንት እጥፍ። ኢሲጂውም ላይ ልቡ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ለቀጣዩ ራሱን የሚያዘጋጅበት ጊዜ ተራዝሟል፤ ያም የአንቲሞኒ ሥራ ነው። ያ መርፌ ቢገባ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሬዚደንቱን አልጠየቅኩትም።

በዚህ መድኃኒት መናደድ ግን አልችልም። ካልካታ ውስጥ ብራህማቻሪ የሚባል ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ፣ የውኃ ቧንቧ በሌለባት ጠባብ ክፍል፣ ማታ በኩራዝ እየሠራ፣ አንቲሞኒን ሰውነት ወደሚችለው መልክ ለወጠው። ከእሱ በፊት የነበረው የአንቲሞኒ ጨው ታማሚውን በማስመለስና በሳል ያሰቃየው ነበር። ስንት መቶ ሺህ ሰው በዚያች ክፍል ሥራ እንደተረፈ ሳስብ፣ ትሪው ላይ የቀረውን መርፌ በጠላትነት ማየት አልሆነልኝም። የአልጋ 7ን ጣፊያ ማለስለስ የጀመረውም እሱው ነው። አዳኝ ነው፤ ግን ሁልጊዜ ዓይን ይፈልጋል፣ በየቀኑ፣ በየታማሚው።

ሦስት ቀን በአፉ ምንም እንዳይገባ ታዘዘ። ይህን ለእናቱ መንገር ከሁሉ ከበደኝ። ቴርሞሱን እንደታቀፉ፣ «አጥሚት እንኳ?» አሉኝ። «አጥሚት እንኳ፣ እማማ።» «እኔኮ ያለዚህ ምን አደርግለታለሁ?» አሉና ቴርሞሱን ከአልጋው ሥር ደበቁት፤ ሽታው እንዳያስጎመጀው።

መድኃኒቱ ወደ አምቢዞም ተቀየረ። ዋጋው ውድ ስለሆነ ለነፍሰ ጡር፣ ለአረጋውያን፣ ኤችአይቪ ላለባቸውና እጅግ ለደከሙ የሚቆጠብ መድኃኒት ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከቬኔዙዌላ፣ ከኦሪኖኮ ወንዝ አካባቢ ከመጣ አፈር ውስጥ የተገኘ ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው የሚሠራው ነገር ብቻውን ኩላሊት ይጎዳል፤ ስለዚህ በዓይን በማይታይ የስብ ከረጢት ተጠቅልሎ ይሰጣል። ከረጢቱን ደግሞ እነዚያው የታመሙት ትላልቅ ሴሎች ይውጡታል፤ ጥገኛው የተደበቀበት ቤት ድረስ ራሳቸው ተሸክመው ያስገቡለታል። ይህን ገጽ ሳነብ ሌሊት ብቻዬን አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ አሁንም በደንብ አላውቅም።

በኪሎ 5 ሚሊ ግራም፣ 205። ባለ 50ው ጠርሙስ አምስት ያስፈልጋል። ሲስተር ስትበጠብጠው አጠገቧ ቆምኩ። «የምናቀጥነው በግሉኮስ ብቻ ነው» አለችኝ። «ኖርማል ሳላይን ከነካው ይበላሻል። ይህን ያዢ፤ ፈተና ላይ ባይመጣም ሰው ላይ ይመጣል።» ያዝኩት።

ስድስት ቀን፣ ስድስት የግሉኮስ ከረጢት። በአራተኛው ቀን ህመሙ ጠፋ፤ ቴርሞሱ ከአልጋው ሥር ወጣ። በመጨረሻው ቀን ከቀኝ ብሽሽቱ ጀምሬ ወጣሁ። የድሮው የእስክሪብቶ መስመር ደብዝዞ ይታያል፤ አልፌው ሄድኩ። እምብርቱንም አለፍኩ። ጠርዙ 9 ሴንቲ ሜትር ላይ ጠበቀኝ። ክብደቱ 43።

«ሐምሌ ላይ ትወርዳለህ?» አልኩት።

ጣሪያውን አየ። «እዳ አለብን። የክሊኒኮቹ ነው።»

አትውረድ ማለት ቀላል ነበር። ይልቅ ስለ አጎበር ነገርኩት። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ትንኝ የምታህል እንኳ እንዳልሆነች፣ ሌሊት እንደምትነክስ፣ ቀን በዋልካው ስንጥቅና በግራሩ ሥር እንደምትሸሸግ። ጆንያውን ከግራሩ እንዲያርቅ። ትኩሳት ከሁለት ሳምንት ካለፈ ክሊኒክ ክሊኒክ ሳይዞር በቀጥታ እንዲመጣ፣ «መተማ ነበርኩ» የሚለውን ከሁሉ በፊት እንዲናገር። በጥሞና ሰማኝ። እናቱ ግን አልሰሙም፤ በሩን እያዩ ነበር።

ዕቃቸውን ሰብስበው ሲያበቁ ክንዴን ያዙኝ። «ዶክተሬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ።»

ኮሪደሩ ላይ ወጣን። አግዳሚው ወንበር ላይ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ጋቢ ተከናንቦ ተቀምጧል። ጎንበስ ብሏል። ፊቱ የአልጋ 7 ፊት ነው፤ ሁለት ወር የፈጀው ክሳት ገና ሲጀምረው የነበረው።

«ታናሹ ነው። ማሽላውን ጨርሶ ትናንት ማታ ገባ። ሙቀት አለው።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ወደየትም አልወሰድኩትም። በቀጥታ ወዳንቺ ነው ያመጣሁት።»

ባዶ አልጋ አልነበረም። እዚያው ወንበሩ ላይ አስተኛሁት። ሸሚዙን ከፍ አደረግኩ፣ እጄን አሸት አሸት አድርጌ አሞቅኩና መዳፌን ቀኝ ብሽሽቱ ላይ አኖርኩ።

«ትንፋሽህን ሳብ» አልኩት።

ይቀጥላል