የሚያረጅ ቅጠል ብረቱን ለፍሬው እንዴት እንደሚያወርስ

የስንዴ ማሳ ለአጨዳ ሲቃረብ ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እየገረጣ ይሄዳል። ይህን የሚያይ ብዙ ሰው ቅጠሉ ሥራውን ጨርሶ እንዲሁ የሞተ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ያ ጊዜ ቅጠሉ በልምላሜው ዘመን የሰበሰበውን ገንዘብ ለፍሬው የሚያስረክብበት የኑዛዜው ጊዜ ነው፤ ከሚያስረክበውም ገንዘብ አንዱ ብረት ነው።

ብረት ስንል ማረሻና ማጭድ የሚሠራበት ያው ብረት ነው፤ ነገር ግን በአዝርዕት ውስጥ ያለው እጅግ ጥቂትና ከሌላ ነገር ጋራ የተጣመረ ስለ ሆነ በዓይን አይታይም። ቅጠል ሕዋስ ከሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው፤ በሕዋሳቱም ውስጥ አረንጓዴውን ቀለም የያዙ፥ ክሎሮፕላስት የሚባሉ ከረጢቶች አሉ። በቅጠል ካለው ብረት ከመቶ 80 የሚያህለው በእነዚህ ይገኛል። አረንጓዴው ቀለም ራሱ ብረት የለበትም፤ ነገር ግን ያለ ብረት አይሠራም።

ቅጠሉ ሲያረጅ ሕዋሱ ከረጢቶቹን ራሱ ያፈርሳቸዋል፤ ይህም ቀጥቃጭ ያለቀውን ማረሻ በእሳት አግሎ ሌላ ዕቃ እንደሚያወጣበት ያለ ነው። የተፈታው ብረት ግን እንዲሁ ቢለቀቅ ከኦክሲጅን ጋራ እየተገናኘ ሕዋሱን የሚጎዳ መርዝ ያስነሣል፤ ስለዚህ ያለ ጠባቂ አይሄድም። ኒኮቲያናሚን የሚባል ነገር አቅፎ ይይዘውና ምግብ በሚተላለፍበት ጅማት በኩል ወደ ዛላው ያደርሰዋል። ለጊዜው የማያስፈልግ ትርፍ ብረት ሲኖርም ፌሪቲን የሚባል ጎተራ አለ፤ አንዱ ፌሪቲን እስከ 4,500 የብረት አተሞች ይይዛል።

ቅጠሉ ሳያረጅ ግን ብረቱን በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ የብረት እጦት አስቀድሞ የሚታየው በለጋው ቅጠል ላይ ነው፤ ጅማቱ አረንጓዴ እንደ ሆነ በመካከሉ ያለው ይገረጣል። የናይትሮጅን እጦት ግን ከአሮጌው ቅጠል ይጀምራል። መምህራን ልጆቹን ይዘው ወደ ማሳ ሲወጡ ይህን ልዩነት ቢያሳዩ መልካም ነው። ኖራ የበዛበት መሬት ብረት እያለው ለሥር አይሰጥም፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1840ዎቹ ኤውዜብ ግሪ የተባለ ፈረንሳዊ የገረጣውን የወይን ቅጠል የብረት ጨው ቀብቶ ወደ ልምላሜው እንደ ተመለሰ አሳይቷል።

ወደ ስንዴው እንመለስ። በ1906 አሮን አሮንሶን የተባለ የዕፀዋት ሊቅ በገሊላ አገር የዱር ስንዴ በቅሎ አገኘ። ከዘመን በኋላ፥ በ2006፥ ሊቃውንት ከዚህ ዓይነት የዱር ስንዴ የተገኘ አንድ ዘረ መል፥ ማለት ከዘር ወደ ዘር የሚወረስ ባሕርይን የሚያዝዝ ክፍል፥ ሥራውን ገለጹ። ይህ ዘረ መል ቅጠሉ ቶሎ እንዲያረጅና ፕሮቲኑን፥ ዚንኩንና ብረቱን አብዝቶ ለፍሬው እንዲሰጥ ያደርጋል። በሚታረሰው ስንዴ በአብዛኛው ግን ሥራ የማይሠራ ሆኗል። የዚህን ዘረ መልና የመሰሎቹን ኃይል ባደከሙበት ስንዴ ቅጠሉ ከ3 ሳምንት በላይ ለምልሞ ቆየ፤ የፍሬው ፕሮቲን፥ ዚንክና ብረት ግን ከመቶ ከ30 በላይ ጎደለ። ለምልሞ የሚዘገይ ማሳ ለዓይን ቢያምርም ሁል ጊዜ የተሻለ እህል ይሰጣል ማለት አይደለም።

ይህ ነገር ለሰው ደም የሚተርፍ ነው፤ በምግቡ ብረት ያነሰበት ሕፃንና ነፍሰ ጡር ሴት ደማቸው ያንሳል፥ ጉልበታቸውም ይደክማል። በስንዴ ፍሬ ያለው ብረት አብዛኛው በገለፈቱና በፅንሱ ነው፤ ሰውነት ሁሉን ባይቀበለውም የሚገኘው ከዚያ ነው። ዱቄቱ እጅግ ነጭ ይሁን ተብሎ ሲነፋ ቅጠሉ ያወረሰው ብረት ከፉርሽካው ጋራ ወደ ከብት ገበታ ይሄዳል።