ሻምበል አበበ ቢቂላ፦ በእግሩም በክንዱም የተወዳደረ ጀግና

ሻምበል አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጃቶ በተባለ የገጠር መንደር ተወለደ። ከብት እየጠበቀ አድጎ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ የሮም ኦሊምፒክን ማራቶን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና በተደረገለት በስድስት ሳምንት ውስጥ ቶኪዮ ላይ ድሉን ደገመ፤ የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍም የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

በ1961 ዓ.ም. የደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹን ከእንቅስቃሴ አገደ። ውድድርን ግን አልተወም፤ በእንግሊዝ አገር ታክሞ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውድድር ተሰለፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

በቢቸናም ሆነ በሞጣ አካል ጉዳተኛ ልጅ ላለው ቤተሰብ፣ ከድሎቹ ይልቅ የመጨረሻዎቹ ዓመታቱ የበለጠ ያስተምራሉ።