የሚወዱት ሥራና ደመወዙ የሚበልጥ ሥራ

ሰው በዕድሜው ከሚያደርጋቸው ምርጫዎች ሁለቱ እጅግ የከበዱ ናቸው፤ አንዱ የትዳር ጓደኛን መምረጥ፥ ሁለተኛው የዕለት ሥራን መምረጥ ነው። ስለ መጀመሪያው ሽማግሌ ይላካል፥ ዘመድ ይሰበሰባል፥ ብዙ ምክር ይደረጋል። ስለ ሁለተኛው ግን ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት በመኝታው እየተገላበጠ ብቻውን ይቈርጥና የቈረጠውን ጧት ለቤተ ሰቡ ይነግራል። ስለዚህ አንድ ሰው የሚወደው ሥራ በአንድ ወገን፥ ደመወዙ የሚበልጥ ሥራ በሌላ ወገን ሆኖ ሲጠብቀው፥ ከቤተ ሰቡ ጋራ እንዴት ሊመክር እንደሚገባው በዛሬው ጽሑፋችን ጥቂት ለመናገር አሰብን።

ባለፈው ዓመት ክረምት አንድ ሽማግሌ ወዳጃችን ዓይናቸውን ለመታከም ከአገር ቤት ወደ አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ፥ ልጃቸውንና ምራታቸውን አስከትለው ወደ ቤታችን ገቡ። ልጃቸው በተወለደበት ከተማ የሒሳብ መምህር ሆኖ ሰባት ዓመት አገልግሏል። አሁን ግን በአዲስ አበባ ያለ አንድ ባንክ፥ ከመምህርነቱ ደመወዝ ከእጥፍ በሚበልጥ ገንዘብ ሊቀጥረው ጠርቶታል።

ሽማግሌው፥ «እስቲ አንተ ምከርልኝ፤ ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ይባላል፤ ይህ ልጅ ግን መንገዱን እያየ ዓይኑን ይጨፍናል» አሉን። ልጁም አንገቱን ደፍቶ፥ «ጋሼ፥ ደንቈሮ ነው የተባለ ልጅ ክፍልፋይን ገብቶት ፊቱ ሲበራ ባዩት! እኔ ከዚያ የሚበልጥ ደመወዝ አላውቅም» ብሎ መለሰ። ሁለቱም ዝም ባሉ ጊዜ ወደ ምራታቸው ዘወር ብለን፥ «አንቺስ እኅቴ፥ ምን ትያለሽ?» አልናት። እርስዋም ጥቂት አስባ፥ «ባለቤቴ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደስታ ይዞ ይገባል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ወሩ በገባ በሃያኛው ቀን ከባለ ሱቁ ዱቤ የምለምነው እኔ ነኝ። ለአባባ መድኃኒት የተበደርነውም ገና አልተከፈለም» አለች። ባልዋም ይህን ሲሰማ ደነገጠ፤ የዱቤውን መጠን እስከዚያች ሰዓት ድረስ አያውቅም ነበርና።

እኛም በችሎት ጸሐፊነታችን የለመድነውን ሥርዓት አመጣን፤ ይኸውም የሁለቱን ወገን ቃል ሳይጽፉ ፍርድ አለመስጠት ነው። አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍለን፥ በአንደኛው ወገን በመምህርነት ቢቈይ የሚያገኘውንና የሚያወጣውን፥ በሁለተኛው ወገን ወደ ባንኩ ቢገባ የሚያገኘውንና የሚያወጣውን ጻፍን። በከተማቸው የሚኖሩት አባቱ በሠሩት ቤት ስለ ሆነ ኪራይ አይከፍሉም፤ ወደ አዲስ አበባ ቢመጡ ግን ኪራይ አለ። ሚስቲቱ ልብስ ሰፍታ የምታገኘው ገንዘብ ደንበኞችዋ እዚያው ስለሚቀሩ ይቋረጣል። ሕፃናቸውን የምትጠብቀው የሚስቲቱ እናት ስለ ሆነች፥ በአዲስ አበባ ሞግዚት መቅጠር ያስፈልጋል። የመጓጓዣው ሲታከልበት፥ ከጭማሪው ደመወዝ ለቤታቸው የሚተርፈው ሩብ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ ነገሩ መልኩን ለወጠ። ሽማግሌው እጥፍ ደመወዝ ያዩበት ቦታ ሩብ ሆነ፤ ልጁም ከንቱ ገንዘብ ነው ያለው ነገር የአባቱን የመድኃኒት ዕዳ በአንድ ዓመት ውስጥ ሊከፍል የሚችል ሆነ። ሁለቱም በከፊል ተረቱ፥ ሁለቱም በከፊል ረቱ። በመጨረሻ መንገዱን ያገኘችው ሚስቲቱ ናት። እርስዋም፥ «በከተማችን ያሉ ነጋዴዎች መዝገብ አያያዝ የሚያስተምራቸው ይፈልጋሉ፤ ማታ ማታ በክፍያ ያስተምራቸው። በሁለት ዓመት ዕዳችን ካለቀ ይቈይ፤ ካላለቀ ግን ያለ ክርክር እንዲህ ያለውን የባንክ ሥራ ይፈልግ» አለች። ባልዋም ተስማምቶ በወረቀቱ ላይ ፈረመ፤ እኛና ሽማግሌው ምስክር ሆንን። ከዚያ ወዲህ በደረሰን ደብዳቤ ዕዳው እኩሌታ ያህል መቅለሉን ጽፎልናል፤ የተቈረጠው ጊዜ ግን ገና አልተፈጸመም።

ይህ ችግር በታላላቅ ሰዎችም ላይ የደረሰ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ዓመቶቹን እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን። እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ የመጻሕፍት ጥራዝ ሥራ ተምሮ ሳለ፥ በ1813 በሎንዶን ሮያል ኢንስቲትዩሽን በሚባለው የሳይንስ ማኅበር ረዳት ሆኖ ገባ። ደመወዙ በሳምንት 25 ሺልንግ ሲሆን፥ ከዚህ ጋራ ሁለት ክፍል ቤት፥ ማገዶና ሻማ ይሰጠው ነበር። ዝናው ከፍ ባለ ጊዜ የፋብሪካ ባለቤቶች ለምርመራ ሥራ ብዙ ገንዘብ ይከፍሉት ጀመር። በ1831 የመግነጢስ እንቅስቃሴ በሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንዲያልፍ እንደሚያደርግ ካገኘ ወዲህ ግን ያን ትርፍ አብዛኛውን ትቶ ጊዜውን ለምርምር ሰጠ። ዛሬ ከወንዝ ግድብ ኤሌክትሪክ የሚወጣው እርሱ ባገኘው በዚሁ ሕግ ነው። ዳሩ ግን ሁለት ነገር እንዳይረሳ፤ ቤቱንና ማገዶውን ማኅበሩ ይሰጠው ነበር፤ ልጆችም አልነበሩትም። ባለቤቱም በማኅበሩ ሕንፃ ላይ በተሰጣቸው ክፍል ከእርሱ ጋራ ለብዙ ዘመን ኖራለች። ፍቅሩ ጣራ ነበረው።

ከአገራችንም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ አሉ። በ1932 በአንኮበር ተወልደው፥ በ1947 የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ አገር ተልከው ነበር። ይህ ሙያ የታወቀ እንጀራ ያለበት ነው። እርሳቸው ግን ተሰጥዎአቸውን ተከትለው ወደ ሥዕል ትምህርት ገቡ፤ በሎንዶንም ስሌድ በሚባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1954 በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን የግል ትርኢታቸውን አሳዩ። በአፍሪካ አዳራሽ የሚታየው፥ 150 ካሬ ሜትር ያህል የሚሆነው የመስተዋት ሥዕላቸው ምርጫቸው ከንቱ እንዳልነበረ ይመሰክራል። በ2012 እስኪያርፉ ድረስም ከዚሁ ሥራቸው አልተለዩም።

ይህን ስንል የሚወዱትን ትቶ ደመወዙ ወደሚበልጥ የሚሄድ ሁሉ ስሕተተኛ ነው ማለታችን አይደለም። እኛ ራሳችን በወጣትነታችን ሕፃናትን ማስተማር እንወድ ነበር። አባታችን ሲሞቱ ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች በእጃችን ስለ ወደቁ፥ ማስተማሩን ትተን ወደ ችሎት ጸሐፊነት ገባን። መጀመሪያ ልባችን አዝኖ ነበር። በኋላ ግን ደኻ አቤቱታውን አጣርተን ስንጽፍለት ሲያመሰግን እያየን፥ ያልመረጥነውን ሥራ ቀስ በቀስ ወደድነው። ቅዳሜ ከቀትር በኋላም የሰፈራችንን ልጆች ግእዝ እናስተምራለን። ስለዚህ ፍቅር ከሥራ በፊት ብቻ ሳይሆን ከሥራም በኋላ ሊመጣ እንደሚችል በራሳችን ደርሶ አይተናል።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ምክር ሦስት ነው። መጀመሪያ፥ በወረቀት የተጻፈውን ደመወዝ ሳይሆን ከወጪ በኋላ በቤት የሚቀረውን ገንዘብ ቍጠሩ። ሁለተኛ፥ ጭማሪው ለምን እንደሚያስፈልግ በስሙ ጥሩት፤ ዕዳ፥ መድኃኒት፥ የልጅ ትምህርት ስም አላቸው፤ ጎረቤትን ለመብለጥ የሚፈለግ ገንዘብ ግን ስሙ ሲጠራ ያፍራል። ሦስተኛ፥ የቤቱን ጓዳ የምታውቀውን ሚስት ሳትጠይቁ አትቍረጡ፤ ባል ሥራዬን እወዳለሁ እያለ ሲደሰት፥ የደስታው ዋጋ በእርስዋ ስም በዱቤ ተጽፎ ሊገኝ ይችላልና።

ሠራተኛ የምታስተዳድሩ ሹማምንት ሆይ፥ ለእናንተም አንድ ቃል አለን። አንድ መምህር ወይም አንድ ሐኪም ሥራውን እጅግ ይወዳል ሲባል ስትሰሙ፥ እንግዲያውስ በጥቂት ይበቃዋል ብላችሁ አትፍረዱ። ሥራውን መውደዱ ለአገር የሰጠው ስጦታ ነው እንጂ ከደመወዙ የሚቀነስበት ምክንያት አይደለም። ደመወዙን መጨመር ባይቻላችሁ እንኳ ቤት ቢሆን፥ መጓጓዣ ቢሆን፥ ለልጆቹ ትምህርት ቢሆን ለመርዳት አስቡ። ፋራዴይን በምርምሩ ካቈዩት ነገሮች አንዱ የተሰጠው ቤትና ማገዶ እንደ ሆነ አስታውሱ።

የዚያ ወጣት መምህር ወረቀት ግልባጩ ዛሬም በመሳቢያችን ውስጥ አለ። የሁለቱ ዓመት ጊዜ ሲፈጸም ወይ በትምህርት ቤቱ ይቀራል፥ ወይ ወደ ባንክ ይገባል። የትኛውም ቢሆን ሚስቱ ከእንግዲህ የዱቤውን ነገር ለብቻዋ አትሸከምም፤ እርሱም የሚተወውን ወይም የሚይዘውን ዐውቆ ይወስናል። ለየቤታችን እንዲህ ያለውን የጋራ ምክር እግዚአብሔር ያድለን።