«የተገደለ» ማዕድን በህንድ ባህላዊ ሕክምና

ከህንድ ጥንታዊ ሕክምና፥ ከአዩርቬዳ፥ ክፍሎች አንዱ ራሳ ሻስትራ ይባላል። «ራሳ» በዚህ ስፍራ ባዜቃ ማለት ነው። የዚህ ጥበብ ሊቃውንት ባዜቃና እርሳስ መርዝነት እንዳላቸው ያውቃሉ፤ ስለዚህም ሳያነጹ ለሕመምተኛ አይሰጧቸውም። ማንጻቱ ሾዳና ይባላል፤ ይኸውም እርሳሱን እያቀለጡ በሰሊጥ ዘይት፥ በአሬራና በላም ሽንት ውስጥ ደጋግሞ ማፍሰስ ነው። ቀጥሎ ማራና፥ ማለት «መግደል»፥ ይመጣል፤ ማዕድኑ ከሌሎች ቅመሞች ጋር ተፈጭቶ በእሳት ሲቃጠል ባስማ፥ ማለት አመድ፥ ይሆናል። አመዱ በጣት ቆዳ መስመሮች ውስጥ ከገባ፥ በውሃ ላይ ከተንሳፈፈ፥ ወደ ቀድሞ ማዕድንነቱም ካልተመለሰ «ሞቷል» ይባላል።

ነገር ግን እነዚህ ፈተናዎች የሚያሳዩት ዱቄቱ መላሙንና መልኩ መለወጡን ነው እንጂ መርዙ መጥፋቱን አይደለም። እሳት እርሳስን ወደ ሌላ ውሁድ ይለውጠዋል እንጂ አያጠፋውም። በ2008 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት፥ በኢንተርኔት ከተሸጡ 193 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች በ20.7 በመቶው እርሳስ፥ ባዜቃ ወይም አርሴኒክ መገኘቱን ገለጠ፤ በራሳ ሻስትራ መድኃኒቶች ብቻ ሲታይ 40.6 በመቶ ሆነ።

እንግዲህ የጥንቱ ሐኪም መርዙን አላወቀም ማለት ስሕተት ነው፤ ያወቀውን መርዝ በዓይንና በጣት መርምሮ «ሞቷል» ማለቱ ግን በቂ ማስረጃ አይሆንም።