የሃርድዌር ድራይቨር በነጻ ስርዓተ ክወናዎች

የሃርድዌር ድራይቨር (በአጭሩ ድራይቨር) ማለት ስርዓተ ክወና ከአንድ የኮምፒዩተር ዕቃ ጋር፣ ለምሳሌ ከፕሪንተር፣ ከዋይ ፋይ ካርድ ወይም ከግራፊክስ ካርድ ጋር፣ እንዲግባባ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። እንደ ሊኑክስ ላሉ ነጻ ስርዓተ ክወናዎች ድራይቨር መጻፍ የሚያስቸግረው ኮዱ ከባድ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ዋናው ችግር ስለ ዕቃው አሠራር ያለው ዕውቀት፣ አንዳንዴም ዕቃውን የማዘዝ ፈቃድ፣ በአምራቹ እጅ መቅረቱ ነው።

የመረጃ እጥረት

ድራይቨር አንድን ዕቃ የሚያዘው ሬጅስተር በሚባሉት የዕቃው ክፍሎች ላይ ቁጥር በመጻፍና ከእነሱ በማንበብ ነው። የትኛው ቁጥር የት ሲጻፍ ምን እንደሚሆን የሚገልጸውን ሰነድ ብዙ አምራቾች ለሕዝብ አያወጡም። ስለዚህ የነጻ ሶፍትዌር ጸሐፊዎች የአምራቹን ዝግ ድራይቨር እየመረመሩ አሠራሩን ለማወቅ ይገደዳሉ። የቅጂ መብት ክርክር እንዳይነሳም አንዳንዴ ሥራው ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ቡድን ዝግ ድራይቨሩን መርምሮ መግለጫ ያዘጋጃል፣ ሌላው ቡድን መግለጫውን ብቻ አይቶ አዲስ ኮድ ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ ሊኑክስ የገባው የብሮድኮም ዋይ ፋይ ድራይቨር የተሠራው በዚህ መንገድ ነው።

የኑቮ ምሳሌ

ኑቮ ለኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርዶች የተጻፈ ነጻ ድራይቨር ነው። ስሙ በፈረንሳይኛ «አዲስ» ማለት ነው። ጸሐፊዎቹ የኩባንያው ዝግ ድራይቨር ሲሠራ ወደ ካርዱ የሚልከውንና ከካርዱ የሚያነበውን ሁሉ በመመዝገብ፣ የእያንዳንዱን ቁጥር ትርጉም አንድ በአንድ ደረሱበት። ኑቮ እ.ኤ.አ. በ2010 በሊኑክስ 2.6.33 ውስጥ ተካተተ።

ይሁን እንጂ አሠራሩን ማወቅ ብቻውን በቂ አልሆነም። ፈርምዌር ማለት በዕቃው ውስጥ ባሉ ትንንሽ ፕሮሰሰሮች ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የወጡት የጂፎርስ 900 ካርዶች፣ አምራቹ በዲጂታል ፊርማ ያረጋገጠው ካልሆነ በቀር አስፈላጊውን ፈርምዌር አይቀበሉም። ፍጥነትን ለማስተዳደር የሚያስፈልገው የተፈረመ ፈርምዌር ለኑቮ ስላልቀረበ፣ ካርዶቹ ሲበሩ በሚጀምሩበት ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ቀሩ።

እ.ኤ.አ. በ2022 ኤንቪዲያ ከ2018 ወዲህ ለወጡት ቱሪንግና ተከታዮቹ ካርዶች፣ በከርነል ውስጥ የሚሠራውን የድራይቨሩን ክፍል ኮድ ይፋ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የወጣው ሊኑክስ 6.7 ደግሞ ኑቮ በእነዚህ ካርዶች የኩባንያውን ፈርምዌር ተጠቅሞ ፍጥነታቸውን ማስተካከል እንዲችል አደረገ። ፈርምዌሩ ግን አሁንም ዝግ ነው።

ፈርምዌርና ነጻነት

ብዙ ነጻ ድራይቨሮች ያለ ዝግ ፈርምዌር አይሠሩም። ዴቢያን ለረጅም ጊዜ እንዲህ ያለውን ፈርምዌር ከመደበኛው መጫኛው ለይቶ ሲያስቀምጥ ቆይቷል። በዚህ ምክንያት ዋይ ፋይ ብቻ ያለው ተጠቃሚ፣ ኢንተርኔት ለማግኘት የሚያስፈልገውን ፋይል ለማውረድ ራሱ ኢንተርኔት ያስፈልገው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 አባላቱ ድምፅ ሰጥተው፣ በ2023 ከወጣው ዴቢያን 12 ጀምሮ ፈርምዌሩ በመጫኛው ውስጥ ገብቷል።

ጥገና

ድራይቨር አንዴ ተጽፎ የሚያበቃ ሥራ አይደለም። በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ድራይቨሮች የሚጠቀሙባቸው የውስጥ ጥሪዎች ይለዋወጣሉ። በከርነሉ ውስጥ የተካተተ ድራይቨር ለውጡ ሲደረግ አብሮ ይታረማል፤ ከውጭ የቀረ ድራይቨር ግን የሚያድሰው ሰው ካጣ ከአዲሶቹ ከርነሎች ጋር መሥራት ያቆማል። ኮዱ ነጻ ከሆነ አምራቹ ድጋፉን ቢያቆምም ሌላ ሰው ሥራውን መቀጠል ይችላል።