ሱረያ፦ ከጂዛን ጣሪያ እስከ ደሴ ደጃፍ የምትታይ የኮከብ ስብስብ

በሳውዲ ሳሎኖች ጣሪያ ላይ የሚንጠለጠለውን ባለብዙ አምፖል መብራት ስንቶቻችሁ ወልውላችኋል? አረቦች «ሱረያ» ይሉታል። ስሙ ግን የሰማይ ነው። የጥንት አረቦች ተጠጋግተው የሚታዩ ጥቂት ኮከቦችን ሱረያ አሏቸው፤ ሥረ ቃሉ ብዛትንና ሀብትን ያመለክታል። መጽሐፍ ቅዱስም በኢዮብና በአሞጽ ያነሳቸዋል፤ በአማርኛው «ሰባቱ ከዋክብት» ይባላሉ። በቁርኣን ሱረቱ አን-ነጅም የተጠቀሰው ኮከብ ሱረያ ነው የሚሉ ሙፈሲሮችም አሉ።

በጂዛን፣ በአቡ አሪሽ፣ በሳምጣ ወይም በጡዋል የምትኖሩ፣ በገና ሰሞን ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ጣሪያ ላይ ወጥታችሁ ቀና በሉ። ሱረያ ከአናታችሁ በላይ፣ ትንሽ ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ ትታያለች። በባዶ ዓይን ስድስት ወይም ሰባት ኮከብ ይቆጠራል። ጋሊሊዮ በ1610 ባሳተመው መጽሐፍ በትንሽ ቴሌስኮፑ ያያቸውን ጨምሮ 36 ኮከቦች ስሎ አሳይቷል። ዛሬ ከ1,000 በላይ መሆናቸው ታውቋል። ርቀታቸው 440 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። ዛሬ ማታ ዓይናችሁ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ጉዞውን የጀመረው በአፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን ነው ማለት ነው።

ቴሌስኮፕ ያላችሁ በዝቅተኛው ማጉያ ጀምሩ። ሱረያ ከሙሉ ጨረቃ ሦስት አራት እጥፍ ስለምትሰፋ፣ ብዙ የሚያጎላ መሣሪያ ቁራጯን ብቻ ነው የሚያሳየው። ተራ አቅርቦ ማሳያ መነጽር ይበቃል። በባሕር ዳርቻው ወበቁና የከተማው መብራት ያደበዝዟታል፤ በፈይፋ ተራሮች ላይ ትጠራለች። ይሁንና አገሩ ድንበር ነውና መነጽር ይዞ ሜዳ መውጣት ጥያቄ ያስነሳል። የምታድሩበት ቤት ጣሪያ ይሻላል፤ እሱንም አስፈቅዳችሁ።

እነዚህ ኮከቦች ከአንድ የጋዝ ደመና የተወለዱ እህትማማቾች ናቸው። ዕድሜያቸው 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የሚያስተሳስራቸው የስበት ኃይል ደካማ ስለሆነ፣ በረጅም ዘመን ውስጥ አንድ በአንድ እየተለያዩ ይበተናሉ።

ለኛ ደግሞ አንድ ጥቅም አላት። የሳውዲና የኢትዮጵያ ሰዓት አንድ ነው። ሱረያ በጂዛን ሰማይ ከፍታዋ ላይ ከደረሰች 12 ደቂቃ ያህል ቆይታ በደሴ ሰማይም ከፍታዋ ላይ ትደርሳለች። ከመካከላችን ስልኳን ለአሠሪዋ ያስረከበች አለች፤ ካርድ መሙያ ያጣ አለ፤ የየመንን በረሃ በሌሊት አቋርጦ ገና ድምፁን ለቤተሰቡ ያላሰማም አለ። ስለዚህ ስልክ በእጃችሁ ሳለ ከእናታችሁ ጋር ተቀጣጠሩ፦ ማታ ሦስት ሰዓት፣ ሱረያ። መደወል ባልቻላችሁበት ማታ እሷም ደጃፏ ላይ ቆማ ወደዚያችው ታያለች።

ቀጠሮው እስከ መጋቢት ይሠራል። በግንቦት ፀሐይ ትጋርዳታለች፤ በሰኔ ጎህ ሳይቀድ በምሥራቅ ትመለሳለች።